ተቃውሞውን መጀመሪያ አንተ ጻፈው

ቆይ፣ ገጹን አትግለጠው። ሁለተኛዋን መስመር ልያት። «ማንኛውም ነገር ያለ ምክንያት አይገኝም፤ ስለዚህ ምክንያት የሌለው ፈጣሪ አለ» ብለሃል። ወንድምዬ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጣል ተቃዋሚ አያስፈልግም፤ ራሱን በራሱ ይጥላል። ፊተኛው ግማሽ ያለ ምክንያት የሚገኝ ነገር የለም ይላል፤ ኋለኛው ግማሽ አንድ አለ ይላል። ያ የዶርም ጓደኛህ «እግዚአብሔርንስ ማን ፈጠረው?» ስላለህ ተናደህ ነው የመጣኸው። እሱ ግን የተነሳው ከራስህ መስመር ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ እጠይቅህ ነበር።

ቅዳሜ ለውይይቱ ከመሄድህ በፊት አብረን እንየው። አንተ እንዴት እንደምትረታው ነው የምታስበው፤ እኔን የሚያሳስበኝ የሚልህን በትክክል መስማትህ ነው። እምነትህን አውቃለሁ፣ የኔም እምነት ነው። ስለዚህም ነው በደካማ ሙግት ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው የሚከብደኝ።

መስመሩን እንዲህ አድርገው፦ «መጀመሪያ ያለው ነገር ሁሉ ምክንያት አለው። ዓለም መጀመሪያ አለው። ስለዚህ ዓለም ምክንያት አለው።» በዚህ መልኩ ሙግቱን የእስልምና ሊቃውንት፣ ከእነርሱም በ1111 ያረፈው አል-ጋዛሊ፣ ተጠቅመውበታል። በእኛ ዘመን አሜሪካዊው ዊልያም ሌን ክሬግ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ መልሶ አነሳው። አሁን «እሱንስ ማን ፈጠረው?» የሚለው ጥያቄ አይነካህም፤ የተናገርከው መጀመሪያ ስላለው ነገር ብቻ ነውና። ግን ገና እፎይ አትበል። ጓደኛህ ጎበዝ ከሆነ፣ ጎበዝ መሆኑን ደግሞ ራስህ ነግረኸኛል፣ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። «ይህን ሕግ ከየት አገኘኸው?» ይልሃል። ወንበር አናጢ እንዳለው፣ ልጅ ወላጅ እንዳለው ያወቅነው በዓለም ውስጥ ሆነን፣ ደጋግመን አይተን ነው። ዓለም ሲጀመር ቆሞ ያየ ሰው የለም። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1779 በታተመው የውይይት መጽሐፉ ውስጥ አጥብቆ የያዘው ነጥብ ይህ ነው፤ ብዙ ዓለማት ሲወለዱ አይተን ቢሆን ኖሮ ስለዚህኛው መወለድ በልበ ሙሉነት እንናገር ነበር፣ ያለን ግን አንድ ብቻ ነው።

ለዚህ መልስ ካለህ ጻፈው። ከሌለህም «ይህ ከባድ ጥያቄ ነው» ብለህ ጻፍ። ማንም አይንቅህም።

ደግሞ ከታች ቢግ ባንግን አምጥተህ «ሳይንስም ፈጣሪን አረጋገጠ» ብለሃል። ሰርዘው። ሳይንቲስቶች የሚነግሩን ዛሬ የምናየው ጠፈር ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እጅግ ትኩስና እጅግ የታመቀ እንደነበረ፣ ከዚያም እየሰፋ እንደመጣ ነው። ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ «በፊት» የሚባል ነገርስ ነበር ወይ ለሚለው የተረጋገጠ መልስ የላቸውም። የዚህን ሐሳብ መሠረት ከጣሉት አንዱ ቤልጅየማዊው ዦርዥ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር። እሱ ራሱ ነው የፊዚክስ ሐሳቡ የሃይማኖት ማስረጃ እንዳይሆን የተከራከረው። ቄሱ ያልተጠቀመበትን አንተ አትጠቀምበት።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልውሰድህ፤ ይህን ክፍል ማስገባት ነበረብህ። በግዕዝ የተጻፈውን የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ ታውቀዋለህ። ጽሑፉ በራሱ ላይ የሚሰጠው ዘመን 1667 ነው። እርግጥ ጸሐፊው ኢትዮጵያዊው ዘርዓ ያዕቆብ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ካነሳው ጀምሮ አልተቋጨም፤ ክላውድ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ብዙ ደክሞበታል። ለአንተ ሥራ ያ ክርክር መንገድ አይዘጋም። የሚጠቅምህ የሐሳቡ አካሄድ ነው። ሰውየው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ እየጸለየ ሳለ ጥርጣሬ ይመጣበታል፤ ለማን ነው የምጸልየው፣ የሚሰማኝስ አለ ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ልብ አድርግ፤ ጥያቄው የመጣው ከጸሎት መሐል ነው። ጠያቂውም የሃይማኖት ጠላት አይደለም፣ ዳዊት የሚደግም ሰው ነው። ከዚያ ማን ፈጠረኝ ይላል፤ አባትና እናቴ ካልኩ እነርሱንስ ማን ይላል፤ የወላጆቹን ወላጆች እየቆጠረ ወደ ኋላ ይሄዳል። በመጨረሻም ከማንም ያልተወለዱ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ዘንድ፣ ከእነርሱም አልፎ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ዘንድ ይደርሳል።

ደስ የሚል ሙግት ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ ሰው ከራሱና ከእናቱ ስለሚጀምር።

አሁን ግን ይህን ከሌላ ነገር ጋር አስተያየው። በጥር 1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ሁለት እንግሊዛውያን፣ ፈላስፋው በርትራንድ ራስልና ኢየሱሳዊው ካህን ፍሬድሪክ ኮፕልስተን፣ በእግዚአብሔር መኖር ላይ ተከራክረው ነበር። ራስል የሰጠው መልስ ልክ ዘርዓ ያዕቆብን የሰማ ይመስላል፦ እያንዳንዱ ሰው እናት አለው፤ ከዚህ ተነስቶ ግን የሰው ዘር በጠቅላላ እናት አለው ማለት አይቻልም። የእያንዳንዱ ነገር ምክንያት ከተነገረ፣ ስለ ጠቅላላው ለብቻው ምክንያት መፈለግ ስህተት ነው ባይ ነው። ዓለም በቃ አለች፣ ከዚያ ወዲያ የሚባል የለም የሚል ነው አቋሙ።

እዚህ ላይ ነው ቁጭ ብለህ ማሰብ ያለብህ፣ ምክንያቱም የቅዳሜው ውይይት የሚከርረው እዚህ ይመስለኛል። የራስል ነጥብ ትክክል ነው፣ ግን እስከ የት ድረስ? ለክፍሎቹ እውነት የሆነው ሁልጊዜ ለጠቅላላው እውነት አይሆንም፤ ይህ የሎጂክ ኮርሳችሁ ላይ ስሙ ተጠርቶ የምትማሩት ስህተት ነው። ነገር ግን አንዳንዴ እውነት ይሆናል። የጥለቱ ክር ሁሉ ቀይ ከሆነ ጥለቱ ቀይ ነው። ስለዚህ ጓደኛህ «ከክፍል ወደ ጠቅላላ ዘለልክ» ብሎ ብቻ አያሸንፍህም፤ ለምን እዚህ ላይ መዝለል እንደማይቻል ማሳየት አለበት። አንተም ለምን እንደሚቻል ማሳየት አለብህ። ይህን ሸክም ሁለታችሁም እኩል ተሸከሙት።

ሌላም አለ። ኮፕልስተን በዚያ ክርክር የያዘው የምክንያት ሰንሰለት ወደ ኋላ ወደ ጥንት የሚሄድ አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ይስታል፤ ተጠራጣሪውም አማኙም። ከእሱ በፊት በዚሁ መንገድ የሄደው ካቶሊካዊው ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ፣ በ1274 ያረፈው፣ ዓለም በጊዜ መጀመሪያ እንዳላት በአእምሮ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም፣ በእምነት ነው የምናውቀው ብሎ ጽፏል። የእሱ «የመጀመሪያ አንቀሳቃሽ» አሁን፣ በዚህ ቅጽበት ሁሉን የሚያቆም ነው፤ ምሳሌው እጅ የምታንቀሳቅሰው በትር ነው፣ እጅ ካቆመች በትሩም ይቆማል። ስለዚህ ጓደኛህ «ዓለም መጀመሪያ ባይኖራትስ?» ቢልህ የአንተን ሦስት መስመር ይመታል፣ አኩዊናስን ግን አይነካውም። የትኛውን ይዘህ እንደቆምክ እወቅ። ሁለቱን አቀላቅለህ ከተናገርክ ሁለቱንም ታጣቸዋለህ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን የአንሰልምን ሙግት ግን እንዳለ ተወው፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። ከእሱ የሚበልጥ ሊታሰብ የማይቻለው፤ በሐሳብ ብቻ ከሚኖር በእውነትም የሚኖር ይበልጣል፤ ስለዚህ በእውነት አለ። በ1077 እና 1078 አካባቢ፣ በኖርማንዲ የቤክ ገዳም ሳለ ነው የጻፈው። የጎደለህ የመለሰለት ሰው ታሪክ ነው፤ ለእኔ ከሙግቱ ይልቅ ይህ ታሪክ ይበልጥብኛል።

አንሰልም ተከራካሪው አድርጎ ያቆመው በእኛ መዝሙረ ዳዊት 13ኛው መዝሙር ላይ በልቡ አምላክ የለም የሚለውን ሰነፍ ነው። በቱር ከተማ አጠገብ የማርሙቲዬ ገዳም መነኩሴ የነበረው ጋውኒሎ ተነሳና ስለ ሰነፉ ሆኖ መልስ ጻፈ። መነኩሴ ነው፣ አማኝ ነው። ሙግቱ ግን አላሳመነውም። በዚህ ስልት ከሄድን፣ አለ፣ ከደሴቶች ሁሉ የሚበልጥ የጠፋ ደሴት ማሰብ እችላለሁ፤ በእውነት ካለው ደሴት እንዳያንስ የግድ በእውነት መኖር አለበት ልል ነው፤ እንዲህ የሚለኝን ሰው ግን ይቀልዳል እላለሁ። አንሰልም አልተቆጣም። ስለ ሰነፉ የተናገረው ሰነፍ ያልሆነ ክርስቲያን ስለሆነ ለክርስቲያኑ እመልሳለሁ ብሎ ጀመረና መለሰለት። ከዚያ ምን አደረገ? የጋውኒሎ ተቃውሞና የራሱ መልስ ከመጽሐፉ ጋር አብረው እንዲገለበጡ አደረገ። ዛሬም አብረው ይታተማሉ። ተቃዋሚውን ከመጽሐፉ ያላስወጣ ሰው ነው።

በእኔ አስተያየት ጋውኒሎ አንድ ነገር እንደተሳሳተ አሳየ እንጂ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ አላሳየም። ደሴት ደግሞ የመጨረሻ ልክ የለውም፤ አንድ ዛፍ ጨምርበት፣ ይበልጣል። ቦታውን ለማመልከት የበለጠ የቀረበው ኢማኑኤል ካንት ነው፣ በ1781። መኖር በአንድ ነገር ላይ የሚጨመር ባሕርይ አይደለም አለ። በሐሳቤ ያለው 100 ታለርና በእጄ ያለው 100 ታለር በሳንቲም አይለያዩም፣ ለኪሴ ግን ይለያያሉ። (ታለር አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት የማሪያ ቴሬዛ ዘመድ ነው።) ከ100 ብርና ከ1,000 ብር የቱን እንደምታስብ መወሰን ትችላለህ፣ በማሰብህ ብቻ ግን ኪስህ አይሞላም። ይህን ተቃውሞ እስከ ጫፉ አስብበት። ክርክሩም በካንት አላበቃም፤ ሎጂሺያኑ ኩርት ጎደል ለዚሁ ሙግት በምልክት የተጻፈ ቅርጽ ሰጥቶት፣ ከሞተ በኋላ በ1987 ታትሟል፣ በ2013 ሁለት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ፈትሸው እርምጃዎቹ እንደሚከተሉ አሳይተዋል። ኮምፒውተሩ ያረጋገጠው መደምደሚያው ከመነሻዎቹ መከተሉን ነው። መነሻዎቹ እውነት መሆናቸውን አላረጋገጠም። ይህን ልዩነት አጥብቀህ ያዝ፣ ሎጂክ የሚሰጥህ ይህን ብቻ ነውና።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። በማስታወሻ ደብተርህ ጠርዝ ላይ ስለ ጓደኛህ የጻፍከውን ያችን ቃል አጥፋት። «ከሃዲ» ማለት ለአንድ ሙግት መልስ አይሆንም። አንድ ሙግት አላሳመነኝም ያለ ሰው እግዚአብሔር የለም አላለም፤ ጋውኒሎም አላለም። በተቃራኒው ደግሞ እሱ የአንተን ሦስት መስመር ከጣለ በኋላ «ስለዚህ የለም» ቢልህ አትበገርለት፤ ሙግት ወደቀ ማለት የተሞገተለት ነገር ወደቀ ማለት አይደለም። መጥፎ ጠበቃ የተረታበት ጉዳይ ሁሉ ውሸት አይሆንም።

አንተም የማትናገረው ነገር አለ። ሙግትህ ሁሉ ቢሳካልህ እንኳ የምትደርሰው አንድ የመጀመሪያ ምክንያት ጋ ነው። አኩዊናስ ከእያንዳንዱ ሙግቱ በኋላ ይህን ሁሉም እግዚአብሔር ይሉታል ብሎ ይዘጋል፣ ከዚያ ግን ያ አካል አንድ መሆኑን፣ መልካም መሆኑን፣ ሁሉን ማወቁን ለማሳየት ብዙ ገጽ ይጽፋል። እማዬ ሌሊት ተነስታ የምትለምነውና የእነዚህ ገጾች መደምደሚያ አንድ መሆናቸውን በሦስት መስመር አላሳየህም። ጓደኛህ ይህን ክፍተት ካነሳ እውነት አለው፤ እውነት አለህ በለው።

የሊቃውንቱን አንድምታ ስትሰማ አድገሃል። መምህሩ «ለምን ቢሉ» ብሎ ጥያቄውን ከተማሪው አፍ ነጥቆ ራሱ ያነሳል፣ ከዚያ ይመልሳል። አንተም ያን አድርግ። ከመተኛትህ በፊት ሁለተኛዋን መስመር አስተካክል፤ ከሥሯ የሂዩምን፣ የራስልንና የካንትን ተቃውሞ ለእነርሱ በሚመች ቃል፣ ሳታሳንስ ጻፍ፤ መልስ ያገኘህለትን መልስ፣ ያላገኘህለትን ክፍት ተወው። ከዚያ ነገ ጠዋት ለጓደኛህ ደውለህ ደብተሩን መጀመሪያ ለእሱ ስጠው፤ ተቃውሞውን በትክክል ጽፈህለት እንደሆነ ያንብበውና ይንገርህ።