«ሲፈልግማ ይናገራል» አንበል

የታመመን መጠየቅ በእኛ ዘንድ የወንድም ሐቅ ነው። ይሁንና ጠያቂ የበዛበት በሽተኛ ሁሉ ተጠቀመ ማለት አይደለም። በተለይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሞት የተረፈ ሰው ዘንድ ስንሄድ በቅን ልቦና የምንናገረው ነገር ሊጎዳው ይችላል።

እስቲ አንድ ቤት በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። ወጣቱን መኪና ገጭቶት ለሳምንታት ሆስፒታል ተኝቶ ወጥቷል። ቁስሉ ደርቋል፤ ይራመዳል። ውሃ ሲጠማው ግን «ውሃ» ማለት ያቅተዋል፤ ብርጭቆውን እያሳየ «ጫማ» ይላል። አባቱ ፋቲሓን ሲጀምሩለት ደግሞ ሳይደናቀፍ አብሯቸው ይቀራል። ይህን ያየ አንዱ ጠያቂ «ሲፈልግማ ይናገራል፤ እልህ ይዞት ነው» ይላል። ሌላው «አእምሮውን ስቷል» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ለመሆኑ ነገሩ እንዴት ነው? ፋቲሓ፣ ሰላምታ፣ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር በመደጋገም የተቀረጹ በመሆናቸው አንዱ ቃል ሌላውን እየጎተተ ይወጣል። «ውሃ ስጡኝ» ለማለት ግን አንጎል ሐሳቡን ማሰናዳት፣ ቃሉን ፈልጎ ማግኘትና በተራ ማስቀመጥ አለበት። አንዱ ተበላሽቶ ሌላው ሊተርፍ ይችላል።

በአደጋ ምክንያት የሚመጣው የንግግር ችግር በሦስት ይከፈላል። አንደኛው አፌዚያ የሚባለው ሲሆን ቋንቋው ራሱ ይታወካል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 የአንጎል የፊት ክፍል ሲጎዳ ንግግር እንደሚጠፋ አመለከተ። ጀርመናዊው ካርል ቬርኒክ በ1874 ሌላውን መልክ ገለጸ፤ ይኸውም በሽተኛው ቃላት እያዥጎደጎደ ትርጉም የማይሰጥበትና የሰውን ንግግር መረዳት የሚቸገርበት ነው። ሁለተኛው ዲስአርትሪያ ነው፤ ቋንቋው ደህና ሆኖ የአፍ፣ የምላስና የትንፋሽ ጡንቻዎች ስለማይታዘዙ ንግግሩ ይኮላተፋል።

ሦስተኛው ለቤተሰብ ከሁሉ ይከብዳል። ሰውየው አጥርቶ ይናገራል፤ ነገር ግን ወሬ ይደጋግማል፣ ከርዕስ ይወጣል፣ ቀልድ አይገባውም፣ የማይባለውን በሰው ፊት ይናገራል። ትኩረትን፣ ማስታወስንና ራስን መግታትን የሚመራው የአንጎል ክፍል ስለተጎዳ እንጂ ባለጌ ስለሆነ አይደለም። ስንት ትዳር በዚህ ይፈተን ይሆን?

ተስፋስ አለ? አዎ። አሜሪካዊቷ የምክር ቤት አባል ጋብሪኤል ጊፈርድስ እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2011 በአሪዞና ጭንቅላቷን በጥይት ተመትታ በአፌዚያ ተያዘች። በዜማ ጭምር የታገዘ ረጅም ሕክምና ተደረገላት። በነሐሴ 2020 በፓርቲዋ ጉባኤ ላይ አጭር ንግግር አሰማች፤ አፌዚያው ግን ያን ጊዜም አልለቀቃትም ነበር። ከዚህ የምንማረው ፈጣኑ መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢታይም ከዓመታት በኋላም በር እንደማይዘጋ ነው።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ እንደልብ በማይገኝበት አገራችን ትልቁ ሥራ በቤተሰብና በጠያቂ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን እንዝጋ። አንድ ሰው ብቻ፣ ፊት ለፊት፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር ይናገር። «ምን ትፈልጋለህ?» ከማለት «ሻይ ትፈልጋለህ?» ብለን በአዎና በአይደለም እንዲመልስ እናቅልለት። በእጁ ቢያመለክት ወይም ቢጽፍ እንቀበለው። ቃሉን ከአፉ አንንጠቀው። ሁለት ቋንቋ የሚችል ከሆነ አንዱ ቀድሞ ሊመለስለት ስለሚችል በዚያው እናነጋግረው። እንደ ልጅ አናባብለው፤ እሱ እየሰማ ስለ እሱ «ይሰማል እንዴ?» አንባባል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ንግግሩ ድንገት ከተኮላተፈ፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ደጋግሞ ካስታወከ ወይም እንቅልፍ ከተጫነው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

እንግዲህ ይህ ሰው ያጣው ቃሉን ነው እንጂ ሰውነቱን አይደለም። «አላህ ያሽርህ» ብለን ስንነሳ፣ «አሚን» እስኪል ድረስ ትንሽ እንቆይለት።