ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ ቀዶ ሕክምና፤ መሰናዶውና ማገገሚያው

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ አባባል በየወሩ እኅቶቻችንን ከትምህርት ገበታ እያስነሣ ወደ አልጋ ለሚመልሰው፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ ለተባለው ሕመም እጅግ የሚስማማ ነው። ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ ቢሆንም ሕመሙ ብርቅ አይደለም፤ በዓለም ላይ በመውለጃ ዕድሜ ከሚገኙት ሴቶች ከ10 አንዷን ያህል ይይዛል ተብሎ ይገመታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በተለይ ቀዶ ሕክምናውን ነው። የሐኪሙ ሥራ የሰዓታት ሥራ ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉት ሳምንታት ግን የታማሚዋና አብረዋት የሚኖሩት ሰዎች ድርሻ ናቸውና።

ሕመሙ ምንድን ነው? የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማኅፀን ውጭ ሲበቅል ነው፤ ይኸውም በእንቁላል አመንጪው እጢ፣ በማኅፀን ቱቦዎች፣ አንዳንድ ጊዜም በአንጀትና በሽንት ፊኛ ላይ ይገኛል። ይህ ሥጋ የሴትን ሆርሞን ተከትሎ ያብጣል፣ ይደማል፣ አካባቢውንም ያስቆጣል፤ ውሎ አድሮም ጠባሳ እየሠራ አንዱን የሆድ ዕቃ ከሌላው ጋር ያጣብቃል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1927 የሕመሙ መነሻ በቱቦዎቹ በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ሆድ ውስጥ የሚፈሰው የወር አበባ ደም ነው ሲል አስረዳ። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ፍሰት በብዙ ጤነኞች ሴቶችም ላይ ስለሚታይ፣ ሕመሙ በአንዳንዶቹ ብቻ የሚጸናበት ምክንያት ገና ሙሉ በሙሉ አልተፈታም።

የወር አበባ መጠነኛ ቁርጠት ሊያመጣ ይችላል። ከክፍል የሚያስቀር፣ በማስታገሻ የማይበርድ፣ ወይም ሽንት ቤት ሲቀመጡ የሚጠዘጥዝ ሕመም ግን «የሴት ልጅ ዕጣ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሁሉም ታማሚ ደግሞ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ብዙውን ጊዜ በማስታገሻና በሆርሞን መድኃኒት ይጀመራል፤ ይህ ካልረዳ፣ ወይም ሌላ ምክንያት ከተገኘ፣ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራውም በላፓሮስኮፒ ነው፤ ሆድ በጋዝ ተነፍቶ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆኑ ጥቂት ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ።

እንግዲህ መሰናዶው በአራት ይከፈላል።

አንደኛ፣ መጠየቅ ነው። ምን ይወጣል? በአንጀት ወይም በፊኛ ላይ ቢገኝስ ምን ይደረጋል? እንቁላል አመንጪው እጢ ሲነካ የእንቁላሉ ክምችት ሊቀንስ ስለሚችል፣ ወደፊት መውለድ የምትሻ ሴት ይህን አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር መምከር ይገባታል። የፈቃድ ወረቀት የሚፈረመው ከተረዱት በኋላ እንጂ ከመረዳት በፊት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ምንም ሳይደብቁ መናገር ነው። የሚወሰደው መድኃኒት ሁሉ፣ አስፕሪንም ሆነ የባህል መድኃኒት፣ ለሐኪሙ ይነገር፤ በራስ ሥልጣን ግን አይቋረጥ። ብዙ ደም የሚፈሳት ሴት የደም ማነስ እንዳለባት ቀደም ብላ ብትመረመር ለመታከም ጊዜ ታገኛለች። ሲጋራ የምታጨስም ብታቆም ትጠቀማለች።

ሦስተኛ፣ ጾሙ ነው። በተለመደው ሥርዓት ከማደንዘዣው በፊት ምግብ ለ6 ሰዓት፣ ውሃ ደግሞ ለ2 ሰዓት ይከለከላል፤ ሆስፒታሉ ሌላ ሰዓት ከሰጠ የሚፈጸመው የእርሱ ትእዛዝ ነው። በማደንዘዣ የተኛ ሰው በጨጓራው ያለው ነገር ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላልና «አንዲት ጉርሻ ምን ታደርጋለች» ማለት አይገባም።

አራተኛ፣ ቤትን ማሰናዳት ነው። ለአዳሪ ተማሪ ይህ ማለት ከተደራራቢው አልጋ የታችኛውን መያዝ፣ የፈቃድ ጉዳይን ከመምህራን ጋር አስቀድሞ መጨረስ፣ ማስታወሻ የሚጽፍላትንና ውሃ የሚቀዳላትን ሰው መወሰን ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትከሻ ሊያም ይችላል። የቀረው ጋዝ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ስለሚነካ ነውና፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠፋል። ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት መራመድ በእግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። ብርቱ ማስታገሻ ሆድ ስለሚያደርቅ ውሃ፣ አትክልትና ተልባ ይጠቅማሉ። ቁስሉ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስም ባልዲና የመጽሐፍ ሸክም አይነሣ። ሥራው ቀላል ከነበረ ብዙዎች በ1 ወይም በ2 ሳምንት ወደ ቀላል ተግባር ይመለሳሉ፤ ሰፊ ከነበረ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ስለ ሆኑ በውስጥ የተሠራውም ትንሽ ነው ብሎ መገመት ስሕተት ነው።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው፤ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ከቁስሉ መግል መውጣት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ሽንት መከልከል፣ የባት እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር።

በመጨረሻም፣ ቀዶ ሕክምናው ለብዙዎች ሕመሙን ያቃልላል እንጂ ዳግመኛ እንዳይመለስ ዋስትና አይሰጥም። ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያው የወር አበባ ሊያም ይችላል፤ ይህ ብቻውን ሥራው ከንቱ ሆነ አያሰኝም። ቶሎ መውለድ ለማትሻ ሴት ሐኪሙ በሽታው እንዳይመለስ የሚረዳ የሆርሞን መድኃኒት ሊያዝላት ስለሚችል፣ ቀጠሮን አለመዝለል ከሕክምናው ክፍል አንዱ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች የቀረው ግዴታ ግልጽ ነው። ወንዶችም ብንሆን ሴቶች፣ ባልንጀራችን «አመመኝ» ስትል «ሁሉም ሴት ያማታል» ብለን አፏን አናስዘጋ። ወደ ሐኪም እንድትሄድ እናበርታት፤ ስትመለስም ባልዲዋን እናንሣላት።