ቀጭኑና ወፍራሙ ገመድ

ልጆች ሆይ፥ ድንጋይ በኩሬ ውስጥ ቢጣል ሞገድ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳር እንደሚሄድ አይታችኋል። በገመድ ላይም ሞገድ ይሄዳል። ይህን ለማየት አንድ ቀጭን ገመድና አንድ ወፍራም ገመድ ጫፍና ጫፋቸውን ቋጥሩ። ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ወጥረው ይያዙት። ቀጭኑን የያዘው ልጅ እጁን አንድ ጊዜ ፈጥኖ ወደ ላይ አንሥቶ ይመልስ። ያን ጊዜ በገመዱ ላይ ጉብታ ተነሥቶ ይሮጣል። ገመዱ ግን በስፍራው ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ አይሄድም፤ የሚሄደው ሞገዱ ነው።

ሞገዱ ከቋጠሮው በደረሰ ጊዜ ከሁለት ይከፈላል። አንዱ ክፍል ወደ ወፍራሙ ገመድ ይገባል፤ ወፍራሙ ከባድ ስለ ሆነ ግን ዝቅ ብሎ በዝግታ ይሄዳል። ሁለተኛው ክፍል ወደ ላከው ልጅ ተገልብጦ ይመለሳል፤ ጉብታ የነበረው ጎድጓዳ ይሆናል።

ለምሳሌ፥ የወፍራሙ አንድ ክንድ ከቀጭኑ አንድ ክንድ 4 እጥፍ ቢከብድ፥ ሞገዱ በወፍራሙ ላይ በግማሽ ፍጥነት ይሄዳል። የተላከው ሞገድ ከፍታው 3 ጣት ቢሆንና በመንገድ ባይደክም፥ የሚያልፈው 2 ጣት፥ ተገልብጦ የሚመለሰው 1 ጣት ነው።

ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲላክ ግን የሚመለሰው አይገለበጥም። 3 ጣት ቢላክ 1 ጣት እንደ ተነሣ ይመለሳል፤ ወደ ቀጭኑ የሚያልፈው 4 ጣት ይሆናል። ቀጭኑ ቀላል ስለ ሆነ በጥቂት ኃይል ከፍ ይላልና ይህ አያስደንቃችሁ።

አሁን ደግሞ በሁለቱ መካከል ጥቂት በጥቂት እየወፈረ የሚሄድ ረጅም ገመድ አለ እንበል። ያን ጊዜ ከሞገዱ የሚመለሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ የቀረው ሁሉ ያልፋል። ሞገዱን የሚመልሰው ድንገተኛው ለውጥ ነበርና።

ትምህርትም ይህን ይመስላል። ትናንት ፊደል የለየ ልጅ ዛሬ ከባዱን መጽሐፍ ቢገልጥ፥ ከሚያነበው ብዙው ሳይገባው ይቀራል። እርሱም «እኔ አልችልም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ጉድለቱ ግን መካከሉን መዝለሉ ነው እንጂ የአእምሮው ማነስ አይደለም።

እንግዲህ የዛሬውን አጭር ንባብ አትናቁ፤ ወደ ነገው ረጅም ንባብ የሚያሻግራችሁ እርሱ ነው። ታናሽ ወንድማችሁን ወይም ታናሽ እኅታችሁን ስታስተምሩም፥ ጥቂት በጥቂት ስጧቸው፤ ባይገባቸውም «ሰነፍ» ብላችሁ አትስደቧቸው።