ኪሮሽ፣ ክብ እና የሂሳብ ክፍለ ጊዜ

በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን የምናቀርብላችሁ ስለ ዳንቴል ነው። «ጋዜጣው ደግሞ ምን ነካው?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ዳንቴል ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በወላጆቻችን ቤት በሬዲዮው፣ በሶፋው መደገፊያና በቴሌቪዥኑ ላይ የሚነጠፈው ነጭ ልብስ ነው። ሥራ የፈታ ሰው የሚሠራው ነው የሚልም አለ። እኛ ግን በዚህ ዓመት ኪሮሽ ከያዝን ወዲህ፣ በተለይም በማስተማር ልምምድ ላይ ከገጠመን ነገር በኋላ፣ አሳባችንን ለመለወጥ ተገደናል። ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ለማስመስገን አለመሆኑን አንባቢ ወደታች ሲወርድ ያየዋል።

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰብ ስምንት ሰልጣኞች ነን፤ አምስት ሴቶችና ሦስት ወንዶች። ሹራብ የሚሠራ አለ፣ ዳንቴል የሚሠራ አለ፣ ቁጭ ብሎ ክር የሚያቀብልም አይጠፋም። ክሩን የምንገዛው መርካቶ ወርደን ነው። መርካቶ ዛሬ ባለበት ቦታ የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ተነሥቶ ወደ አዲስ ከተማ ሲዛወር ነው፤ ስሙም ከጣሊያንኛው ቀረ። ገበያው በየሸቀጡ ተከፋፍሎ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ ይጠራል። እኛም የሹራቡን አንድ መስመር «ተራ» ነው የምንለው፤ ስለዚህ መርካቶ ስንወርድ ከተራ ወደ ተራ ሄድን እያልን እንቀልዳለን።

መጀመሪያ የወረድን ዕለት በአንዋር መስጊድና በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን መካከል ሕዝቡን እየተጋፋን፣ «ዞር በሉ!» የሚል ተሸካሚ በመጣ ቁጥር ከግድግዳ እየተለጠፍን ከአንድ የክር ሱቅ ደረስን። ከመካከላችን አንደኛዋ ለአባቷ ሹራብ ጀምራ አረንጓዴ ክር ጎድሏት ነበር። ባለሱቁ ልቃቂቱን ሲያቀርቡልን «ይኸው ነው ጋሼ፣ ያው አረንጓዴ ነው» ብለን ወረቀቱን እንኳ ሳናነብ ገዛን። ሹራቡ አልቆ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ከደረቱ በታች ያለው ሌላ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ! ለካስ በልቃቂቱ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። አንዱ የቀለሙ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ክሩ በየትኛው ዙር እንደተነከረ የሚያመለክት ነው፤ ቀለሙ አንድ ሆኖ ነከራው ከተለያየ መልኩ በጥቂቱ ይለያያል። ስለዚህ ለአንድ ሹራብ የሚበቃውን ክር በአንድ ጊዜ መግዛት፣ ሁለቱንም ቁጥር ማመሳሰል ነው። አባትየው ምንም ሳይሉ ለብሰውታል፤ አባት አይደሉ!

ሌላው ስህተታችን ናሙና ያለመሥራት ነው። አንዲቱን የክር ቀለበት «ዓይን» እንላታለን፤ በሌላ ስም የምትጠሯት ይቅርታ አድርጉልን። ሹራብ ከመጀመሩ በፊት በዚያው ክርና በዚያው ዘንግ ቁራጭ ሠርቶ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንደገባ መቁጠር ያስፈልጋል። 22 ከሆነ፣ 92 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ደረት 9.2 በ22 ተባዝቶ ወደ 202 ዓይን ይመጣል። አንዱ ወንድማችን ግን 202ን ከሌላ ሰው ደብተር ገልብጦ ጀመረ። የእሱ እጅ ላላ ያለ ስለሆነ በ10 ሳንቲ ሜትር የሚገባለት 18 ብቻ ነው። ውጤቱ 112 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ለአንድ ሰው የታሰበው ለአንድ ተኩል ሰው በቃ። ከሰው የተቀዳ ቁጥር በራስ እጅ ላይ እንደማይሠራ ያን ጊዜ ብንይዘው ኖሮ ከዚህ በታች የምንጽፈው ባልደረሰብን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። ከሂሳብ መምህራችን ጋር ስንወያይ «እስቲ በኪሮሽ ክብ ሥሩና እንየው» አሉን። ክብ የሚጀመረው ከመሐል ነው። በአጭሩ ቋጠሮ በመጀመሪያው ዙር 6 ዓይን እንሠራለን። በሁለተኛው በእያንዳንዷ ላይ ሁለት ሁለት ሠርተን 12፣ በሦስተኛው በአንዷ ላይ አንድ፣ በቀጣይዋ ላይ ሁለት እየሠራን 18 እናደርሳለን። በየዙሩ 6 እየጨመርን ስንሄድ በ10ኛው ዙር 60 ዓይን ይሆናል፤ ከመሐል እስከ ዳር ያለው ሁሉ ሲደመር ደግሞ 330 ነው። ክቡም ጠረጴዛ ላይ ዝርግት ብሎ ይተኛል። መጨመሪያዎቹ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ላይ ከተደራረቡ ግን ክብ መሆኑ ቀርቶ ስድስት ማዕዘን ይወጣዋል፤ ስለዚህ በየዙሩ ቦታቸውን ፈቀቅ ማድረግ ይገባል።

ለምን 6? የክብ መጠነ ዙሪያ 2 በ3.14 በሬዲየሱ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። አንድ ዙር ስንጨምር ሬዲየሱ በአንዲት ዓይን ቁመት ያድጋል፤ ዙሪያው ደግሞ የዚያን ቁመት 6.28 እጥፍ ያድጋል። የዓይኗ ወርድና ቁመት እኩል ከሆነ እንግዲህ የሚፈለገው ጭማሪ ወደ 6 የሚጠጋ ነው። በረጅሙ ቋጠሮ ቁመቱ የወርዱ እጥፍ ያህል ስለሚሆን በየዙሩ 12 ይጨመራል። ፓይን በቃል አጥንተን ፈተና ያለፍን ሰዎች በጣታችን የነካነው ያን ቀን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ሆን ብለን ማበላሸት ጀመርን። መጨመሩን ስናቆም ጠርዙ ወደ ላይ እየታጠፈ ቆብ ሆነ። የራስ ዙሪያ 56 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ለ3.14 ሲካፈል የክቡ ስፋት 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ መጨመሩን ማቆም ነው። በተቃራኒው ደግሞ በየዙሩ እጥፍ እናድርግ አልን፤ 6፣ 12፣ 24፣ 48 እያለ ሄደ። በ8ኛው ዙር 768 ዓይን ደረሰ! በደንቡ ቢሆን 48 ብቻ በሆነ ነበር። 9ኛው ሳያልቅ ክሩ አለቀ፤ ሥራውም እንደ ሰላጣ ቅጠል ተሸብሽቦ አልዘረጋም አለ። አንዳንዶቻችን ክር ባከነ ብለን ተቆጣን። ነገር ግን በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ዳይና ታይሚና የተባሉ የላትቪያ ተወላጅ የሂሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1997 ይህንኑ የመሰለ ሽብሽብ ሆን ብለው በኪሮሽ ሠርተዋል። «ሃይፐርቦሊክ» የሚባለውን ጠፍጣፋ ያልሆነ ገጽ ተማሪዎቻቸው በእጃቸው ይዘው እንዲያዩት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የወረቀት ሞዴል ቶሎ ይቀደድ ነበር። የእኛ የባከነ ክር የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኖሯል ማለት ነው።

በዚህ ዕውቀት ልባችን አብጦ ነው እንግዲህ ወደ ማስተማር ልምምድ የወጣነው። የተመደብንበት ትምህርት ቤት በአዲስ ከተማ ነው፤ ስሙን አንጠቅስም፤ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የትምህርት ቤቱ አይደለምና። በአምስተኛ ክፍል የ6 ብዜትን በዳንቴል ክብ አስተማርን። ልጆቹ ክቡን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ቆጠሩ፤ ክፍሉ ደስ አለው። በመጨረሻም «እንዲህ ያለ ክብ በ12ኛው ዙር ስንት ዓይን ይኖረዋል?» ብለን ጥያቄ ሰጠን። መልሱ 72 ነው። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ሌላው በጣቱ እየቆጠረ ሳለ ቶሎ ብላ 84 ብላ ጻፈች። በቀይ እስክርቢቶ ኤክስ አደረግንባት። በስም መዝገቡም ላይ በሂሳብ ደካማ ከተባሉት ውስጥ ነበረች።

ደብተሯን ስንመልስ ከዴስኩ ሥር እጇ ሲንቀሳቀስ አየንና ጎንበስ ብንል ኪሮሽ እየሠራች ነው። ቀማናት። ሳቁብን እንጂ፣ ስለ ኪሮሽ እያስተማርን ኪሮሽ ቀማን! «ቲቸር፣ የእማዬ ነው፤ ለሰው የሚሰጥ ነው» አለች። «ሰኞ ከወላጅ ጋር» አልንና መሳቢያ ውስጥ ቆልፈንበት ሄድን። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ሰኞ ጧት በመምህራን ክፍል ያን ሥራ አውጥተን ስናየው የረከቦት ልብስ ነው፤ መሐሉ ድፍን፣ ጠርዙ ገና ያልተጀመረ። ጠረጴዛ ላይ ብናስቀምጠው እንደ ሰሐን ዝርግት ብሎ ተኛ፤ ከእኛው ይልቅ የተስተካከለ ነው። አንደኛችን ዝም ብሎ መቁጠር ጀመረ። መጀመሪያው ዙር 7፣ ሁለተኛው 14፣ ሦስተኛው 21። በ12ኛው ዙር 84 ሆነ። ደግመን ቆጠርን፤ 84።

እንዴት ሆነ? በማስመሪያ ስንለካው የልጅቱ ዓይን ከወርዷ ይልቅ ቁመቷ በትንሹ ይበልጣል። 6.28 ከ6 ከፍ፣ ከ7 ዝቅ ያለ ቁጥር ነው፤ ዓይኗ ረዘም ካለች 7 የሚያስጨምርበት ጊዜ አለ። በ6 ብትሠራው ኖሮ ቆብ መሆን ይጀምርባት ነበር። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ጠርዙ ሲታጠፍ እያየች በእጇ የደረሰችበት ነው። ጥያቄያችን «በየዙሩ 6 የሚጨመር ከሆነ» ማለት ሲገባው አላለም። ጉድለቱ የጥያቄው ነው፤ ኤክሱ ግን የወደቀው በእሷ ደብተር ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አልተጀመረም። በብራዚል ሬሲፌ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት በመንገድ ላይ የሚነግዱ 5 ልጆችን ተከታትሎ ነበር። በሽያጩ ላይ ሳሉ ከተጠየቁት 98 በመቶውን በትክክል ሲመልሱ፣ ያንኑ ዓይነት ስሌት በወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ ሆኖ ሲቀርብላቸው ያገኙት 37 በመቶውን ነው። ጥናቱን ያካሄዱት ቴሬዚና ካራሄር፣ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን ናቸው። በመርካቶ ዙሪያ ለሚያስተምር መምህር ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ ከተማሪዎቹ ስንቱ ከሰዓት በኋላ ከወላጁ ጋር መደብ ላይ እንደሚቀመጥ እናውቃለን።

በዚያው ቀን ክፍል ገብተን የልጅቱን ክብና የእኛን ጎን ለጎን አሳየን። ለምን አንደኛው በ6፣ ሌላው በ7 እንደሚሠራ እንድታስረዳ ጠየቅናት። መጀመሪያ አንገቷን ደፋች። ቀጥላ ኪሮሹን ተቀብላ ከእኛ አንደኛዋን «ቲቸር፣ እርስዎ ክሩን ያጠብቁታል፤ እኔ እንዲህ ሳብ አደርገዋለሁ» ብላ እያሳየች አስተማረች። ኤክሱን ሰርዘን ይቅርታ ጠየቅናት። ሥራዋንም መለስንላት።

«ቲቸር፣ እሑድ ነበር እኮ የሚፈልጉት» አለች። «ሌላ ገዝተው ሄዱ።» በዕለቱ እናቷን በአካል አግኝተን ይቅርታ ጠይቀናል። «ልጅ ናት፣ በትምህርት ሰዓት መሥራቷ ልክ አይደለም» ብለው ለእኛ ሊያዝኑ ሞከሩ፤ ይህም ይበልጥ ከበደን።

ከዚህ ጽሑፍ ጎን የተሰኩት ሦስቱ ናሙናዎች የ6ቱ ክብ፣ ቆቡና ሽብሽቡ ናቸው። በ7 የተሠራው እዚህ የለም፤ ጠርዙ ገና እየተሠራ ነው፤ ሲያልቅ በዋጋው እንድንገዛው ተስማምተናል። ዓይን ለመለካት ለምትፈልጉ ማስመሪያው በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ እባካችሁ ፈትታችሁ አትውሰዱት።