ሶሻሊስት ሁሉ «ግራ» ነውን? የፈረንሳዊው ፈላስፋ ሙግት

የእኔ ትውልድ «ግራ» እና «ሶሻሊስት» የሚሉትን ቃላት እንደ አንድ ቃል አድርጎ ነው የተማራቸው። በተማሪነታችን የሰማናቸው ንግግሮችም ሆኑ ያነበብናቸው በራሪ ጽሑፎች በመካከላቸው ልዩነት አላደረጉም። በቅርቡ ታዲያ አንድ ወጣት «ሶሻሊስት ሆኖ ግራውን የሚነቅፍ ሰው ይኖራልን?» ሲል ጠየቀኝ። አለ። ዣን ክሎድ ሚሼያ ይባላል። በዛሬው ጽሑፌ ይህ ሰው የሚለውን በተቻለኝ መጠን ግልጽ አድርጌ አቀርባለሁ፤ በመጨረሻም የማልስማማበትን አንድ ነጥብ አነሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ለመሆኑ ሰውየው ማን ነው?

ሚሼያ በ1950 ተወለደ። አባቱ አቤል ሚሼያ የናዚን ወረራ የታገለ ኮሚኒስትና የስፖርት ጋዜጠኛ ነበር። ልጁም በወጣትነቱ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆኖ ቆይቶ በ1970ዎቹ ፓርቲውን ተለየ። ዕድሜውን ያሳለፈው በታላላቆቹ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲዎች አይደለም፤ በደቡብ ፈረንሳይ በሞንፔሊዬ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፍልስፍና ሲያስተምር ኖረ። ከመጻሕፍቱ መካከል በ1995 ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል የጻፈውና በ2007 ያሳተመው «የትንሹ ክፋት ግዛት» ይገኙበታል።

የሊበራሊዝም ሥር

ሚሼያ ክርክሩን የሚጀምረው ከፋብሪካ አይደለም፤ ከጦርነት ነው። ከ1562 እስከ 1598 ድረስ ፈረንሳይ በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች ጦርነት ታመሰች። ጎረቤት ጎረቤቱን ገደለ። ከዚህና ይህን ከመሰለው እልቂት በኋላ የአውሮፓ ሊቃውንት አንድ ጥያቄ አነሱ፤ ሰዎች ስለ መልካም ሕይወት ሳይስማሙ በሰላም ሊኖሩ የሚችሉት እንዴት ነው? መልሳቸው ይህ ሆነ፤ መንግሥት መልካሙንና ክፉውን መዳኘት ይተው። እያንዳንዱ በመሰለው ይኑር፤ ሕግ ግጭቱን ብቻ ይከላከል። ይሁን እንጂ እምነቱም ልማዱም የግል ጉዳይ ከሆነ፣ ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ምን ይቀራል? ይህን ክፍተት የሞላው ገበያ ነው። አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ፣ እራታችንን የምናገኘው ከሥጋ ሻጩ ደግነት ሳይሆን ጥቅሙን ከማሰቡ እንደሆነ አስረዳ።

እንግዲህ የሚሼያ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የገበያው ሊበራሊዝምና የግል ነፃነቱ ሊበራሊዝም የተለያዩ መስለው ይታያሉ። ቀኙ የመጀመሪያውን ይወድዳል፤ ግራው ሁለተኛውን ያወድሳል። እርሱ ግን በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው ይላል። ወሰን የሌለው ፍላጎት ለሻጭ ወሰን የሌለው ገበያ ነው። ስለሆነም አንዱን እየነቀፉ ሌላውን ማሞገስ ከንቱ ድካም ነው።

ሶሻሊዝምና ግራ የተገናኙት መቼ ነው?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ወዛደሮች ራሳቸውን «ግራ» ብለው አይጠሩም ነበር። ግራ የሚባሉት በፓርላማ የተቀመጡ ሪፐብሊካውያንና ሊበራል ከበርቴዎች ነበሩ። ወዛደሩ ከነገሥታት ወዳጆችም ከእነዚህም የተለየ ሦስተኛ ወገን ነበር።

ሁለቱን ያቀራረበው የድሬይፉስ ጉዳይ ነው። አይሁዳዊው መኮንን አልፍሬድ ድሬይፉስ በ1894 በሐሰት ክስ ተፈረደበት። ብዙ ሶሻሊስቶች መጀመሪያ «ይህ የከበርቴዎች ጠብ ነው» ብለው ዝም አሉ። በኋላ ግን ዣን ዦሬስን የመሳሰሉት ለፍትሕ ተነሡ፤ ድሬይፉስም በ1906 ነፃ ተባለ። በዚሁ ትግል መካከል፣ በ1899፣ ሶሻሊስቱ አሌክሳንደር ሚለራን ሚኒስትር ሆኖ መንግሥት ውስጥ ገባ። በዚያው ካቢኔ የጦር ሚኒስትሩ ጄኔራል ጋሊፌ ነበር፤ በ1871 የፓሪስን ኮምዩን ሠራተኞች ያስረሸነው ሰው! ሚሼያ ድሬይፉስን መከላከል ተገቢ እንደነበር አይክድም። ሶሻሊዝም ከዚህ ጥምረት በኋላ የራሱን ድምፅ ቀስ በቀስ እንዳጣ ግን ይናገራል።

ለዚህም 1983ን ይጠቅሳል። በ1981 የተመረጡት ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራን ባንኮችንና ታላላቅ ኩባንያዎችን ለመንግሥት ካደረጉ በኋላ፣ በመጋቢት 1983 አቅጣጫ ቀይረው የቁጠባ ፖሊሲ አወጁ። ሚሼያ እንደሚለው ከዚያ ወዲህ ግራው ካፒታልን መታገል ትቶ፣ ልማድን ማፍረስ ብቻውን እንደ እድገት ቆጠረው። ፋብሪካው የተዘጋበት ሠራተኛ ቅር ሲለው ደግሞ «ኋላ ቀር» ተባለ።

መፍትሔውስ?

ሚሼያ ከኦርዌል የወሰደው አንድ ሐሳብ አለ፤ የተራ ሰዎች ጨዋነት። ይኸውም ተራው ሰው «ይህስ አይደረግም!» የሚልበት ስሜት ነው። ከማርሴል ሞስ ጥናት ደግሞ የሰው ኅብረት የቆመው በመስጠት፣ በመቀበልና በመመለስ ላይ መሆኑን ይወስዳል። በእድርና በደቦ ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

የእኔ ጥያቄ

እውነቱን ለመናገር ብዙው አሳምኖኛል። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። በ1898 በፈረንሳይ ከተሞችና በአልጄርስ አይሁዶች ላይ ረብሻ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ሕዝብ መካከል ተራ ሰዎችም ነበሩ፤ ለጎረቤታቸው ዳቦ የሚያካፍሉ፣ ታማሚ የሚጠይቁ። ጨዋነታቸው ግን ከወገናቸው ድንበር አላለፈም። ድሬይፉስን ያዳነው ልማድ አልነበረም፤ ልማዱን የተቃወሙ ጥቂት ሰዎችና በመጨረሻ ሕግ ነው። በቁጥሩ አንሶ የኖረ ወገን ሁሉ ይህን በራሱ ላይ ደርሶ ያውቀዋል። ያ ሚሼያ ቀዝቃዛ የሚለው ሕግ ለእንዲህ ያለው ሰው መጠለያው ነው።

ሚሼያም የሰፈሩ ጨዋነት ከሰፈሩ አልፎ መስፋት እንዳለበት ያምናል። ነገር ግን እስኪሰፋ ድረስ ውጭ የቀረውን ማን ይጠብቀው? ለዚህ በቂ መልስ አላገኘሁበትም። ለወጣቱ የሰጠሁት ምክርም ይኸው ነበር፤ ሕግ ብቻ ያለው ኅብረተሰብ ይቀዘቅዛል፤ ልማድ ብቻ ያለው ደግሞ እንግዳውን ያቃጥላል። ሚሼያን አንብበው፤ ስታነብ ግን ይህን ጥያቄ ከእጅህ አታውጣው።