በካምፐር ውስጥ የሚታይ እርጥበትና የሚጠፋ ማሞቂያ

ጥያቄ፦ በጥቅምት በፈረንሳይ ከብሪታኒ ባሕር ዳርቻ እስከ ኦቨርኝ ተራሮች በካምፐር ስንጓዝ መስኮቱ ጠዋት ጠዋት ከውስጥ ረጥቦ ይገኝ ነበር፤ ተራራው ላይ ደግሞ የጋዝ ማሞቂያው ሌሊት ጠፋ። ምክንያቱ ምን ይሆን? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ካምፐር፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና፣ ጠባብ በመሆኑ የተኙት ሰዎች ትንፋሽና የምግቡ እንፋሎት መውጫ ያጣና ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ የአትላንቲክ እርጥብ አየርም ያባብሰዋል። ብርድ ቢሆንም የጣሪያውን መስኮት ጥቂት ከፍቶ ማደርና ፍራሹን ጠዋት አንስቶ ማናፈስ ይረዳል።

የማሞቂያው መጥፋት የበለጠ ትኩረት ይሻል። ሲሊንደሩ የያዘው ቡቴን ከሆነ፣ ይህ ጋዝ ቅዝቃዜው ወደ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ከፈሳሽነት መትነኑን ሊያቆም ይችላል፤ ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ስለሚተን ወደ ተራራ ከመውጣትዎ በፊት ወደ እርሱ መቀየር ይበጃል። የፈረንሳይ ሲሊንደር ማያያዣ ከጀርመኑ ስለሚለይ አስማሚ መያዝ ያስፈልጋል። ሙቀት ለመቆጠብ ሲባል የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችን መድፈንም ሆነ በምድጃ መሞቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሊጠራቀም ይችላልና። በፕሮፔንም ማሞቂያው ከጠፋ ወይም ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ ፈቃድ ያለው የጋዝ ቴክኒሻን ይመርምረው፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማ ሁሉም ወዲያው ወጥተው ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥር 112 ይደውሉ።