ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ ምን ይሻገራል? ምንስ ይቀራል?



ባለፈው እሑድ ከጉባኤው በኋላ ከማንጎው ሥር ተቀምጠን ሳለን፣ ከመዝሙር ክፍል አንድ ታናሽ ወንድማችን ቀረብ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ አንተ ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዴት ተሻገርህ? ኮሌጅ የተማርኸው ሦስት ዓመትስ ተቆጠረልህ?» ሲል ጠየቀኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልቀናውም። እናቱ እዚሁ አሶሳ ካለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ እንዲመዘገብ ትፈልጋለች፤ እርሱ ደግሞ «ኮሌጅ ከገባሁ እዚያው ቀረሁ» ብሎ ይሠጋል። በችኮላ የሰጠሁት መልስ እኔኑ ስላላረካኝ፣ ለእርሱም በእርሱ ቦታ ላላችሁትም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ይህን ጻፍሁ።

አስቀድሜ የጥያቄውን ሁለተኛ ክፍል ልመልስ። አልተቆጠረልኝም።

እኔ የ10ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና የወሰድሁት በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ያ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠበት ዓመት ነበር። ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት ስላላመጣሁ ሒሳብ ሙያ ለመማር ኮሌጅ ገባሁ። በሰፈራችን «ኮሌጅ ገባ» የሚባለው ድምፅን ዝቅ አድርጎ ነው። እናቴን ሊያጽናኑ የመጡ ጎረቤቶችም ነበሩ፤ ቡና ተፈልቶላቸው፣ አጽናንተው ሄዱ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ስለ ተቋረጠ፣ ደረጃ 4ን የጨረስሁት በ2015 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ የብቃት ምዘናው፣ እኛ ሲኦሲ የምንለው፣ መጣ። የጽሑፉን ክፍል አለፍሁ፤ በተግባሩ ወደቅሁ። በፒችትሪ ሒሳቡን መዝግቦ ሪፖርት ማውጣት ነበረብን፤ እኔ ግን በተማርሁባቸው ዓመታት አንዱን ኮምፒዩተር ለሦስት ስንካፈል ብዙውን ጊዜ ከኋላ ቆሞ ተመልካች ነበርሁ። ሰዓቱ አለቀብኝ። ለሁለተኛው ምዘና ከመቅረቤ በፊት አንድ ሱቅ ውስጥ ያለ ክፍያ እየሠራሁ፣ ማታ ማታ በባለቤቱ ኮምፒዩተር ተለማመድሁ፤ አለፍሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አዲስ አበባ ባለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በማታው መርሐ ግብር ለዲግሪ ለማመልከት ስነሣ፣ የተጠየቅሁት የደረጃ 4 ማስረጃ፣ የሲኦሲ የምስክር ወረቀት፣ ከኮሌጁ በቀጥታ የሚላክ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕትና የመግቢያ ፈተና ነው። «በቀጥታ የሚላክ» የሚለውን ቃል አቅልዬ አየሁት። ትራንስክሪፕቱን በታሸገ ፖስታ ተቀብዬ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በባምባሲ፣ በመንዲ፣ በጊምቢና በነቀምት አድርጌ በእጄ ይዤ ሄድሁ። በመስኮቱ በኩል ያለችው ሴት ፖስታውን ሳትከፍተው መለሰችልኝ፤ በእጅ የመጣ አይሆንም አለች። ከተማርሁበት ኮሌጅ እንዲላክልኝ ስጠይቅ ክሊራንስ አልጨረስህም ተባልሁ፤ መልሼዋለሁ የምለው አንድ መጽሐፍ ተመዝግቦብኝ ኖሯል። ወረቀቱ ሲደርስ ምዝገባው ከተዘጋ ሳምንት ሆኖት ነበር። በአንድ መጽሐፍ አንድ ዓመት ሄደ። እናቴ የዚያን ዓመት የአውቶቡሱን ዋጋ ከምን እንዳወጣችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

በ2017 ዓ.ም. ገባሁ። ትምህርት የጀመርሁትም እንደ ማንኛውም አዲስ ተማሪ ነው፦ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ። ቀጥሎም ዴቢትና ክሬዲት ምንድን ነው የሚለውን እንደገና ከአንድ ጀመርን። በኮሌጅ ሦስት ዓመት የሠራሁበት ነገር የመግቢያ ትኬት ሆነኝ እንጂ አንድም ኮርስ አላስቀነሰልኝም። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ባልከፋኝ ነበር፤ የከፋኝ ሳላውቀው መሄዴ ነው።

የአጎቴ ልጅ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። እርሱም እንደኔ በኮሌጅ ነው የጀመረው፤ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ይባላል፤ በ1946 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ብዙ የአገራችን ልጆች የሚማሩበት የሕዝብ ኮሌጅ ነው። እዚያ ሁለት ዓመት ያህል ተምሮ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር የገባው ሦስተኛ ዓመት ነው። የኮሌጁ የትኛው ኮርስ በዩኒቨርሲቲው የትኛውን እንደሚተካ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ስላለ፣ ገና ከመጀመሪያው ቀን ያንን እያየ ነው ኮርስ የመረጠው። በካሊፎርኒያ ደግሞ ነገሩ በ1960 እ.ኤ.አ. በወጣ የከፍተኛ ትምህርት ዕቅድ ተደንግጓል፦ ዝነኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በውጤት ከላይ ያሉትን ብቻ ይቀበላል፤ የሕዝብ ኮሌጆች ለሁሉም በራቸውን ይከፍታሉ፤ በኮሌጅ በርትቶ የተገኘ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሻገራል። በ18 ዓመቱ የወደቀ በ20 ዓመቱ ሌላ በር አለው ማለት ነው። እኔን ያስቀናኝ ይህ ነው፤ ሕንፃውና መኪናው አይደለም።

ነገር ግን እዚያም ቢሆን ሁሉ ተሻጋሪ አይደለም። ለአሜሪካ ምክር ቤት የሚሠራው የመንግሥት ሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከ2004 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ተቋም የለወጡ ተማሪዎች ካገኙት ክሬዲት በአማካይ 43 በመቶ ያህሉን እንዳጡ ገምቷል፤ ከመንግሥት ወደ መንግሥት ተቋም የተዛወሩት እንኳ 37 በመቶ ያህል ቀርቶባቸዋል። የአጎቴ ልጅም ሁለት ኮርስ ወድቆበታል፤ ሳይጠይቅ የወሰዳቸው ሁለቱ።

በእኛም አገር ቢሆን ነገሩ ጨርሶ ያልታወቀ አልነበረም። የ12+2 ዲፕሎማ የነበራቸው መምህራን በክረምት እየተማሩ ዲግሪ ሲያሟሉ፣ አድቫንስድ ስታንዲንግ በሚባለው አሠራር የዲፕሎማው ትምህርት ይታሰብላቸው ነበር። እንዲያስተምሩን የሚመጡት ጡረተኛው መምህራችን ይህን ሲያወሩ፣ «እኛ የወጣነው በደረጃ ነው፤ እናንተ ግን በየደረጃው እንደገና ትወርዳላችሁ» ይላሉ። ሲስቁ ነው እንጂ እውነታቸውን ነው።

ወንድማችን ብቻውን አለመሆኑን ደግሞ ቁጥሩ ይናገራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። የማካካሻው ትምህርት፣ ሪሜዲያል የሚባለው፣ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለሪሜዲያል የሚያበቃ ነጥብ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ፣ መጀመሪያ እርሱን ሞክር እለዋለሁ፤ አጭሩ መንገድ ነውና። ነጥቡ ያልደረሰለት ግን እቤት ተቀምጦ ከሚቆዝም ኮሌጅ ቢገባ ይሻለዋል ባይ ነኝ። እኔ ዛሬ ቀን ቀን በገንዘብ ያዥነት ሠርቼ የማታውን ክፍያ የምከፍለው በዚያ በተናቀው ሙያ ነው። ከክፍል ጓደኞቼ መካከል ዲግሪ ሊይዙ ጥቂት ቀርቷቸው ደረሰኝ ቆርጠው የማያውቁ አሉ። ይህን ስል መታበዬ አይደለም፤ በሎጂክና በእንግሊዝኛ ደግሞ እነርሱ ናቸው የሚያስረዱኝ።

ኮሌጅ የምትገቡ ሆይ፣ እኔ የከፈልሁትን እናንተ እንዳትከፍሉ ጥቂት ልበል። ልትገቡ የምታስቡበትን ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ከመመረቃችሁ አንድ ዓመት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ማስታወቂያው ከዓመት ዓመት፣ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሳችሁትን ስትመልሱ ፊርማ ተቀበሉ፤ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔን ግን ዓመት አስከፍሎኛል። ኮምፒዩተሩ ዘንድ ተራ ሲደርስ ለሌላ አትልቀቁ፤ በዚህ ጉዳይ ትሕትና አያስፈልግም። ከሁሉ ይልቅ ሒሳብና እንግሊዝኛን አትተዉ። በኮሌጅ ሙያው ይበዛል፣ እነዚህ ይሳሳሉ፤ የመግቢያ ፈተናው የሚጠይቀው ግን እነርሱን ነው። እኔ 11ኛና 12ኛን ስላልተማርሁ፣ የአንዲት እኅታችንን መጻሕፍት ተውሼ ስምንት ወር ብቻዬን አነበብሁ፤ የማይገባኝን ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን ጋር እንሠራው ነበር። ያለዚያ ቅዳሜ አላልፍም ነበር።

ያንን ወንድማችንን በተመለከተ፣ የፊታችን ሐሙስ ከእናቱ ጋር ሆነን ወደ ኮሌጁ እንሄዳለን። የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ ነጥቡ ለሪሜዲያል ይበቃ እንደሆነ ጠይቀን ካልበቃ በዚያው ይመዘገባል፤ እናቱም እርሱም በዚህ ተስማምተዋል። አብሮን ሊሄድ የሚፈልግ ካለ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እንገናኝ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍት እኔ ዘንድ ስላሉ የቸገረው መጥቶ ይውሰድ፤ የ11ኛውና የ12ኛው ግን የእኅታችን ናቸው፤ ይህን ካነበበች ይቅርታዋን እየጠየቅሁ እሑድ እመልስላታለሁ።